ፊቱ ወደ ምሥራቅ

«ማም፣ ሩጪ! ሊመጣ ነው!»

እየሮጥኩ ነው እኮ። በአንድ እጄ አቡጀዲ ያለበት ፌስታል፣ በሌላው ቦርሳዬን አንጠልጥያለሁ፤ ነጠላዬ ከትከሻዬ እየተንሸራተተ እግሬ ሥር ሊገባ ይደርሳል። የሮተርዳም ሜትሮ መግቢያ ላይ ስደርስ ግን የመስታወት በር ገጠመኝ። ጥር ላይ ስመጣ ተከፍቶ ነበር። የወረቀት ትኬቴን፣ ስትሪፐንካርቴን፣ አወጣሁና የሚመታበትን ቢጫ ሳጥን ባይኔ ፈለግሁ። የለም።

«እሱ እዚህ አይሠራም፣» አለች ልጄ ሊድያ ከበሩ ወዲያ ሆና። «ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ቀረ። አሁን ቺፕካርት ነው። ነግሬሽ ነበር።»

«አልነገርሽኝም።»

«ሁለቴ ነግሬሻለሁ!»

ከኋላዬ ኮማንደር ፍሱሕ ሳቁ። «ተዪው፣ አበባይሽ። ያ ወረቀት ዘመኑ አልፎበታል። እንደኔ ነው።»

ከማሽኑ ሁለት ካርድ አወጡና አንዱን ሰጡኝ። በሩ ተከፈተልን፣ ባቡሩም ደረሰልን። ቁጭ ስንል ፌስታሉን ጭኔ ላይ አደረግሁ።  ያን ጠዋት የባሌን መቃብር ሊከፍቱ ነው።

እዚህ አገር መቃብር ለዘለዓለም እንዳልሆነ ያወቅሁት በዚያው ዓመት በጥምቀት ሰሞን ነው። ባሌ አዘዘ ያረፈው በጥር ስለሆነ በየዓመቱ የምሄደው ያኔ ነው፤ ከሥራ ወጥቼ፣ በዝናብ፣ ሊጨላልም ሲል። ያን ቀን የሣሩ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ተተክላ አየሁ። ይህ ክፍል በፀደይ ይነሣል ትላለች። ጠባቂውን ጠየቅሁት። አስረዳኝ። አዘዘ ሲሞት የመኖሪያ ፈቃድ እንኳ አልነበረንም፤ የቀበረልን ጌሜንቴው፣ የከተማው ማዘጋጃ ቤት፣ ነው። ጌሜንቴው የሚቀብረው ደግሞ በጋራ መቃብር ነው፤ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች አንዱ ባንዱ ላይ። ጊዜው ሲደርስ አጥንታቸው ተለቅሞ ከዛፎቹ ሥር ካለው ትልቅ ጉድጓድ ይገባል፣ ቦታው ለሌላ ሰው ይሆናል። ከክፋት አይደለም። አገሩ ጠባብ ነው፣ ከውሃ ላይ ቀምተው ያገኙት መሬት ነው።

እኔ ግን ሰሌዳዋ ፊት ቁጭ አልኩ። መለከት ሲነፋ ከማን ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚነሣው? የማንን እጅ፣ የማንን እግር ይዞ ነው የሚቆመው? ይሄን ለሊድያ ስነግራት፣ «ማም፣ እግዚአብሔር እኮ እንደዚያ አይሳሳትም፣» አለችኝ። እሱማ አይሳሳትም።

ጌሜንቴው ብናወጣው አልከለከለም። ማኅበራችን ዘ ሄግ ውስጥ የራሱ የመቃብር ቦታ ወስዷል፤ ቀሲስ አሸናፊ ከሰዓት እዚያ ይጠብቁናል። ከአዘዘ ጎን ለእኔም ቦታ አለ። እስከዚያ ግን አዘዘን ከዚያ ጉድጓድ ማውጣት አለብን። ያወጣነውም እሱ ራሱ መሆኑን ማወቅ አለብን። ሌላ ሰው ይዤ ሄጄ ከጎኑ ብቀበርስ? ይሄ ነበር እንቅልፍ የነሣኝ።

ሌላም ፍርሃት ነበረኝ፤ እሱን ለማንም አልተናገርኩም። የምሠራው ስኬቨኒንገን፣ ባሕሩ አጠገብ ያለ የአረጋውያን ቤት ነው። አንዷ የሥራ ጓደኛዬ እንደ ዋዛ፣ «እዚህ አገር መሬቱ ጭቃና ውሃ ስለሆነ አንዳንዱ ሬሳ አይፈርስም፤ እንደ ሻማ ሆኖ ይቆያል፣» አለችኝ። ሬሳ አልፈራም፤ ስንቱን አጥቤ፣ ስንቱን አገጭ አስሬ አውቃለሁ። ግን የገዛ ባሌን ፊት፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ እንደተኛ ባየውስ? ጾሙን ሙሉ፣ ከፋሲካም ወዲህ፣ አፈር ይሁን ብዬ ስጸልይ ከረምኩ። ሚስት ባሏ አፈር እንዲሆን ስትጸልይ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ባቡሩ ከመሬት ሥር ወጥቶ በድልድይ ላይ መሄድ ጀመረ። ውጭው ጭጋግ ነው። ኮማንደር የባሕር ኃይል ሰማያዊ ካፖርታቸውን ለብሰዋል፤ ቁልፎቹ እንኳ አልተቀየሩም። የምጽዋ ልጅ ናቸው፣ ኤርትራዊ። አዘዘ እሳቸው በሚያዙት መርከብ ላይ የሞተር ሠራተኛ ነበር። በግንቦት ሰማንያ ሦስት ሁሉም ነገር ሲፈርስ ከአሰብ ተነሥተው የመን የገቡት አብረው ነው። ከዚያ ወዲያ ኮማንደር ለአንዱ አገር የደርግ መኮንን፣ ለሌላው አገር ኤርትራዊ ሆነው ሁለቱም ጋ ሳይገቡ ቀሩ። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ። እዚህ ከአዘዘ ጋር ጎን ለጎን የመርከብ ሆድ ሲያጸዱ እንኳ አዘዘ «ጌታዬ» እያለ ነበር የሚጠራቸው። «ጌታዬ፣ መጥረጊያውን ያቀብሉኝ።»

ሊድያ አየቻቸው። «አንተም ፈርተሃል እንዴ?»

«'እርስዎ' በያቸው!» አልኩ ጎኗን ጎሸም አድርጌ።

«ተያት፣» አሉ ኮማንደር። «አንተ የሚለኝ ሰው ካጣሁ ቆየሁ። ወጣት ያደርገኛል።» ወደ እኔ ዞሩ። «ስሚ አበባይሽ፣ አንድ ነገር ብቻ አትጠራጠሪ። አዘዘ የተኛው እንደ ሥርዓቱ ነው። በነዚህ እጆቼ ነው ያዞርኩት።»

ይሄ እውነት ነው። የኛ ሰው ሲቀበር ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ነው የሚሆነው፤ ጌታ ከምሥራቅ ሲመጣ ብድግ ሲል ፊት ለፊት እንዲያየው። አዘዘን የቀበርነው ሆላንዶች በየቦዩ ላይ ሲንሸራተቱ በከረሙበት በዚያ የበረዶ ክረምት ነው። መንገዱ ብርጭቆ ሆኖ ቄስ ሊደርስልን አልቻለም። ሰማዩ እንደ ቆርቆሮ ነው፣ ፀሐይ የለ፣ ጥላ የለ። ተሸካሚዎቹ ሣጥኑን ይዘው ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርሱ ኮማንደር እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው። «ምሥራቅ በዚያ ነው፣» አሉኝ። «እነዚህ ለሥራ ይመቻቸው ብለው ነው እንጂ ምሥራቅን የት ያውቃሉ! አዙሩት!» ሰዎቹ ተያዩና ሣጥኑን ዙሪያውን አሽከርክረው አወረዱት። ያን ቀን ልጅ አቅፌ፣ አገር ሳይኖረኝ፣ የተጽናናሁት በዚያች ብቻ ነው።

መቃብሩ በር ላይ የጠበቀን ቆፋሪ ማኑኤል ይባላል፤ ከኬፕ ቨርዴ ደሴቶች የመጣ፣ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ድምፁ ቀስ ያለ ሰው። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ጨበጠን። ከሣሩ ዳር ያለች አግዳሚ ወንበር አሳየን።

«እዚህ ትቀመጣላችሁ። ሳልጠራችሁ አትመጡም። ሸራ እጋርዳለሁ። ከሦስቱ አንዱ ካላለቀ መልሼ እዘጋዋለሁ።»

«ካላለቀ ማለት?» አሉ ኮማንደር።

ማኑኤል እኔን አየኝ፣ ከዚያ መሬቱን። «ሥጋው ካላለቀ።»

«ተዘግቶስ?» አልኩ።

«ከጥቂት ዓመት በኋላ እንሞክራለን፣ ሜቭራው፣» አለ፤ እመቤቴ ማለቱ ነው። «ያኔ እኔ ልኑር ሌላ ሰው አላውቅም።»

 እሱ ቀጠለ። «መዝገቡ የእናንተ ሰው የታችኛው ነው ይላል። ግን እውነቱን ልንገርሽ። ሣጥን ይበሰብሳል፣ ውሃ ከሥር ይመጣል፣ የላይኛው የታችኛው ላይ ይወርዳል። አንዳንዴ ማን ማን እንደሆነ እኔም አልለይም።»

ኮማንደር ቀጥ ብለው ቆሙ፤ መርከብ ላይ የቆሙ ነው የመሰለኝ። «እኔ እለየዋለሁ። የኛ ሰው ከሌሎቹ በተቃራኒ ነው የተኛው። እኛ አዙረነዋል።»

ማኑኤል ረድፉን አየ፣ እኛን አየ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ተወው። «ጥሩ ነው፣» አለ። «ይጠቅመኛል።» ሄደ።

ትንሿ መቆፈሪያ መኪና ስትነሣ አግዳሚው ሥር ያለው መሬት ተንቀጠቀጠ። ሊድያ ክንዴን ያዘች። የበኩር ልጅም ብቸኛ ልጅም እሷ ናት፤ አባቷን የምታስታውሰው በናፍጣ ሽታው ብቻ ነው። ከአምስተርዳም የመጣችው ሥራ አስፈቅዳ ነው። «ትንሣኤ ካለ አጥንቱ የትም ቢሆን ምን ቸገረሽ?» ብላ ስትከራከረኝ ነበር የከረመችው። አሁን ግን ጥፍሯ ክንዴ ውስጥ ገብቷል።

«ማም፣ ድምፁ ተቀየረ።»

«አዎ።»

«ሣጥን ነው እንዴ?»

«ዝም በይ።»

ጸሎተ ሃይማኖት መጨረሻ ላይ ስለ ሙታን መነሣት የምንለው አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለው ኖሬ አንድም ቀን እንደዚያ ጠዋት አልፈራሁትም። አልጋ ላይ ተኝተሽ ትንሣኤ አለ ማለት ቀላል ነው። ጉድጓዱ ሲከፈት፣ አፈሩ ሲሸት ሌላ ነው።

ጭጋጉ መሳሳት ጀመረ። መጀመሪያ የዛፎቹ ጫፍ ታየ፣ ከዚያ ፀሐይዋ ወጣች፤ ለብ ያለች፣ ነጭ። ሊድያ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ሰጠቻት። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች።

«ምሥራቅ ማለት ፀሐይ የምትወጣበት ነው አይደል?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«መልሺልኛ።»

«አዎ፣ ነው።»

ከኋላችን ካለው አሮጌ ክፍል ወደቆሙት ድንጋዮች ዞራ ጠቆመች። ጠዋት ነው፣ ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች፣ የድንጋዮቹ ሁሉ ጽሑፍ ያበራል። አንድም ጀርባውን የሰጣት የለም። ስሞቹ፣ መስቀሎቹ፣ ሁሉም ፊት ለፊት ያዩዋታል።

«ድንጋዩ ያለው ራስጌ ነው፣» አለች ሊድያ ቀስ ብላ። «እግራቸው ወደዚህ ነው። ወደ ፀሐይ። ማም፣ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ነው የተኙት።»

ያኔ ገባኝ። ሆላንዶቹም አያቶቻቸው ክርስቲያኖች ነበሩ። ረድፉን የሠሩት ለሥራ እንዲመች ብለው አልነበረም። እኛ ነን ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንድ ሣጥን አስቁመን ያዞርነው።

ኮማንደር ተነሥተው ቆሙ። ፀሐይዋን አዩ። ሣሩን አዩ። እንደገና ፀሐይዋን አዩ። 

እኔ በብርድ ተመታሁ፤ በዚያች ፀሐይ። ይሄን ሁሉ ዓመት ባሌ ለጌታ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የተኛው። በነዚህ ዓመታት ውስጥ መለከቱ ቢነፋ ኖሮ፣ ያ ሁሉ ፈረንጅ ብድግ ብሎ ፊት ለፊት ሲያይ፣ የኔ ባል ብቻ ምዕራብን እያየ፣ ምን ሆነ እያለ... በየዓመቱ መጥቼ ያን ሣር ስስም ለካ የምስመው እግሩን ነው።

«ኮማንደር፣» አልኩ።  «ያኔ በምን አወቁ?»

«ወንዙን አይቼ ነው።» ዓይናቸውን ከፀሐይዋ አልነቀሉም። «ወደዚህ ስንመጣ ድልድዩን ተሻገርን። የበረዶ ስባሪ ውሃው ላይ ይሄድ ነበር፣ ወደ ግራ። ወንዝ የሚሄደው ወደ ባሕር ነው። ባሕሩ በምዕራብ ነው። ስለዚህ ግራው ምዕራብ ነው አልኩ። ከዚያ ጀምሬ መታጠፊያውን ሁሉ እየቆጠርኩ መጣሁ። አንዱንም አልሳትኩም።»

ማኑኤል ከሸራው ወጥቶ ውሃ እየጠጣ ነበር። ኮማንደር እጃቸውን ወደ ግራ ሲወረውሩ አይቶ ሊድያን ምን እንደሚሉ ጠየቃት። ነገረችው።

«የማአስን ወንዝ ነው የሚሉት?» አለ። «ባሕሩ ሲሞላ እኮ ወንዙ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። ውሃው ከባሕር ወደ ከተማው ይገባል። እዚህ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቃል።»

ኮማንደር ቁጭ አሉ። «ምጽዋ ወንዝ የለም፣» አሉ። እንደ ልጅ ነው የተናገሩት።

«ሠላሳ ዓመት ባሕር ላይ ኖረው አንድ ወንዝ አታለለዎት?» አልኩ። ልክ አልነበርኩም፣ አውቃለሁ። ግን አላቆምኩም። «የቀበሩት እኮ ውሻ አይደለም! 'ጌታዬ' እያለ የሚያምንዎትን ሰው ነው!»

ኮማንደር ባርኔጣቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ሊድያ በሆላንድኛ የሆነ ነገር አጉረመረመችና አንድ እጇን ከኔ ክንድ አንሥታ በእሳቸው ክንድ አደረገች።

ማኑኤል ወደ መኪናዋ ተመልሶ ትንሽ እንደቆፈረ ቀጥ አለች።

 ማኑኤል ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብሎ ቀረ። አካፋውን መሬት ላይ አስቀመጠ። እጁን ወደኛ አነሣ፤ ቁሙ፣ አትምጡ ማለቱ ነው። እኔ ግን ተነሥቼ ነበር። ሸራው በነፋስ ገለጥ ሲል እጅጌ አየሁ። ቀይና ቢጫ አበባ ያለበት የሴት እጅጌ፣ ትናንት የተለበሰ ይመስል፣ ጭቃው ላይ ተዘርግቷል።

አላለቀችም አልኩ። ሊዘጋው ነው። አዘዘን ሳናይ፣ ጀርባውን እንደሰጠ፣ ሊዘጋው ነው። ሮጥኩ።

«ሜቭራው! ተመለሺ!»

«አትዝጋው! በእናትህ አትዝጋው!» በአማርኛ ነው የጮህኩት።

ማኑኤል ተንበርክኮ በጓንቱ እጅጌውን በቀስታ አነሣ። ከውስጡ አፈርና አንድ ቀጭን አጥንት ወጣ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ አማተበ።

«ጨርቁ ነው። ፖሊስተር ነው፣ አይፈርስም። ሴትየዋ አልቃለች።»

እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ ሂጂ አላለኝም። ያችን ሸሚዝ አየኋት። አውቃታለሁ። ማለቴ እሷን ራሷን አይደለም፤ እንደሷ ያለውን በየጠዋቱ ለአሮጊቶቼ አለብሳለሁ። መጀመሪያ የደከመውን ክንድ፣ ቀጥሎ ጤነኛውን። ቁልፉን እስከ አንገት፣ ምክንያቱም ይበርዳቸዋል። ይቺንም አንድ ሰው እንደዚያ አድርጎ አልብሷታል። ያን ቀን ግን ሊያያት ማንም አልመጣም። እኔ ደግሞ ስንት ወር ሙሉ፣ ያልተጠመቀች ትሆን ይሆን፣ አዘዘን ታረክሰው ይሆን እያልኩ ስፈራት ነበር።

«ራሷ በየት በኩል ነው?» አልኩት።

ማኑኤል አሳየኝ። ራሷ በምዕራብ፣ እግሯ ወደ ፀሐይዋ። እሷ ልክ ነበረች።

እሷን በጥንቃቄ ለቅሞ ወደ ጎን ካደረገ በኋላ መኪናዋን ተወና በትንሽ አካፋ ወረደ። ትከሻው ብቻ ነው የሚታየኝ። ሊድያና ኮማንደር መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ውሃ ሲንቦጫረቅ ይሰማል።

«እንደፈራሁት ነው፣» አለ ከታች። «ሁለቱ ሣጥኖች አንድ ሆነዋል። ጎን ከጎን፣ እግር ከእግር... ተደባልቋል።»

ሊድያ «ኦ፣ ማም፣» አለች።

«ቆይ።» አፈሩን በእጁ ጠረገ። «ቆይ፣ ቆይ። እዚህ አንድ ራስ አለ። እዚያኛው ጫፍ ላይ ደግሞ ሌላ ራስ አለ። የዚህኛው አጥንት ወደዚያ ነው የሚሄደው፣ የዚያኛው ወደዚህ።» ቀና ብሎ አየን፤ ግንባሩ ጭቃ ነክቶታል። «አንዱ በተቃራኒ ነው የተኛው። የተለየ ነው። ከራሱ ተነሥቼ እስከ እግሩ መከተል እችላለሁ።»

ኮማንደር አለቀሱ። ድምፅ አውጥተው፣ እንደ ሴት። «እሱ ነው! አዘዘ ነው! እኔ ያዞርኩት ነው!»

«ባታዞረው ኖሮ አባዬን አናገኘውም ነበር፣» አለች ሊድያ።

   ስህተት ስህተት ነው፣ ቀሲስንም ብትጠይቂ እንደዚያ ነው የሚሉሽ። ግን ያን ጠዋት ከዚያ ጭቃ ውስጥ ባሌን የለየልኝ ያ ስህተት ነው።

ማኑኤል አጥንቱን አንድ በአንድ እያጠበ አቀበለን። አቡጀዲውን ሣር ላይ ዘረጋሁ። አፈር ሆኖልኛል፤ የጸለይኩት ሁሉ ደርሷል፤ ግን እጄን ልኬ መንካት አቃተኝ። ሊድያ ናት የተቀበለችው፣ ፊቷ ነጭ ሆኖ፣ ከንፈሯን ነክሳ። አዲሱ ሣጥን አጭር ነው። የሕፃን አልጋ ያህላል። ረጃጅሞቹ አጥንቶች ከታች፣ ትናንሾቹ ከላይ። በመጨረሻ ማኑኤል ራስ ቅሉን በሁለት እጁ ይዞ ወጣ።

«ፊቱን በየት በኩል ላድርገው?»

ወደ ኮማንደር ዞርን፣ ከልማድ። እሳቸው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «እኔን አትጠይቁኝ፣» አሉ። «ከንግዲህ ምሥራቅን እኔን አትጠይቁኝ።»

ስለዚህ እኔ ተቀበልኩት።

ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም።  ቀዝቃዛ ነው፣ ቀላል ነው፣ እንደዚያ ይቀላል ብዬ አላሰብኩም። ግን እጄ ሥራውን ያውቃል። የምንከባከባቸው ሰዎች ራሳቸውን ማዞር ስለማይችሉ ገላቸው እንዳይቆስል እኛ ነን የምናገላብጣቸው፤ አንድ እጅ ከአንገት ሥር፣ አንድ እጅ ከጉንጭ። እንደዚያ አድርጌ ያዝኩት። እንደዚያ ስይዘው ደግሞ ድንገት ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። አዘዘ ሲቆጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር የሚተኛ። ምጽዋ እያለን፣ የመን እያለን፣ የስደተኞች መጠለያው ውስጥ በዚያ ብረት አልጋ ላይም። «አዘዘ፣ ዙር» እለዋለሁ። እንቢ ይላል። ጀርባውን እየነካካሁ፣ «ዙር እንጂ፣ ይነጋል እኮ» እለዋለሁ።

«በል ዙር፣ አዘዘ፣» አልኩት። «ፀሐይዋ በዚህ በኩል ናት።»

አዞርኩትና አቡጀዲውን እስከ አገጩ ሳብኩለት።

ማኑኤል ክዳኑን ሊያደርግ ሲል ስለ ሁለቱ ሰዎች ጠየቅሁት። «ከዛፎቹ ሥር ነው፣» አለ። «እዚያ አቅጣጫ የለም፣ ሜቭራው። ሁሉም አንድ ላይ ነው።» ስማቸውን ጠየቅሁት፤ መናገር አይፈቀድለትም። ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ቆምኩ። ጌታ ሆይ፣ አበባ ያለበት ሸሚዝ የለበሰችውን አስባት፣ ከሥሯ የነበረውንም አስበው አልኩ። ሌላ ምልክት የለኝም። አንተ ግን ማን እንዳለበሳት እንኳ ታውቃለህ አልኩት። ከዚያ ወዲያ ስለነሱ የነበረኝ ፍርሃት የት እንደገባ አላውቅም። የቀረው ፍርሃት ያው አለ። ትንሣኤ አለ ማለት አንድ ቀን ይሄ ሁሉ አፈር ይነቃነቃል ማለት ነው፤ ይሄን በዓይኑ ያየ ሰው ሳይፈራ አይኖርም።

ሣጥኑን ልናነሣ ስንል ኮማንደር አልተንቀሳቀሱም። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ያሽከረክራሉ።

«አበባይሽ።»

«አቤት።»

«እኔ ስሞት ጌሜንቴው ነው አይደል የሚያነሣኝ? ሰው የሌለውን ደግሞ አንዳንዴ ያቃጥላሉ አሉ።» ወደ ጉድጓዱ አዩ። «ባይሆን እንኳ፣ እንደዚህ ካደረጉኝ፣ መጥቶ የሚያወጣኝ ማነው? የሚያዞረኝ ማነው?»

ከአንድ ሰዓት በፊት የጮህኩባቸውን አሰብኩ። እኒህ ሰው ይሄን ፍርሃት ይዘው ነው ስንት ዓመት አብረውኝ ሲሄዱ የኖሩት፤ አንድ ቀን አልጠየቅኋቸውም።

«ከአዘዘ በዚህ በኩል የኔ ነው፣» አልኩ። «በዚያ በኩል ያለው ባዶ ነው። ዛሬውኑ ከቀሲስ ጋር እንነጋገራለን።»

«እኔ የማኅበሩ አባል አይደለሁም።»

«ዛሬ ይሆናሉ።»

«እኔ...»

«ኮማንደር፣ እኔ አጥብዎታለሁ፣ እኔ እገንዝዎታለሁ፣ እኔ አዞርዎታለሁ። ከቀደምኩ ደግሞ ሊድያ አለች።»

«አለሁ፣» አለች ሊድያ አፍንጫዋን እየጠረገች። «አንተን ማዞር ምን አለው!»

«'እርስዎን'!» አልኳት።

ኮማንደር ባርኔጣቸውን አደረጉ። ጎንበስ ብለው የሣጥኑን አንድ ጫፍ ያዙ። «ምሥራቁን እንግዲህ...» ብለው ጀመሩ።

«ምሥራቁን ለኛ ይተዉት፣» አልኳቸው፤ አነሣነው።